ዲስኩ ሳይጠፋ መንገዱ ሲጠፋ፦ የኮምፒዩተር አስነሺ ፕሮግራም ታሪክ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ሲታይ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ታሪክ አንዱን ክፍል መርጬ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ታላላቅ አርእስት በሐሳቤ ተመላልሰው ነበር። ይሁን እንጂ ብዕሬን ሳነሣ እጄ ያዘነበለው ወደ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ይኸውም በዲስክ መጀመሪያ ላይ የምትገኘው፣ ርዝመቷ 512 ባይት ብቻ የሆነው፣ ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቍጥር ከሁሉ አስቀድማ የምትነበበው የመረጃ ቍራጭ ናት። ምክንያቴ ግልጽ ነው። በሥራ ዘመኔ ከቫይረስና ከመብራት መቋረጥ ባልተናነሰ ሁኔታ የሰው መዝገብ ሲጠፋ ያየሁት በዚህች ቍራጭ ላይ እክል በደረሰ ጊዜ፣ እክሉን ሳይመረምሩ ከሚሰጥ ፍርድ የተነሣ ነው። ፍርዱም በከተማችን የጥገና ቤቶች ዘንድ በሁለት ቃላት ይነገራል፤ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል።

አንባቢ እንዳይደናገር አንድ ነገር አስቀድሜ ላስታውስ። ከዚህ በታች ዓ.ም. ተብሎ የተጻፈው የራሳችን አቈጣጠር ሲሆን፣ ያለዚህ ምልክት የሰፈረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ያን ጊዜ የምሠራው በኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ ዊንጌት የሚወስደው የቀለበት መንገድ ከሚያልፍበት አቅራቢያ፣ ከአንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር በላስቲክ ተጠቅልሎ በወጣት አሸክመው መጡ። ዝናቡ እየጣለ ስለነበር ከራሳቸው ይልቅ ለኮምፒዩተሩ ተጨንቀው፣ ጋቢያቸውን ሁሉ አልብሰውታል።

«ልጄ» አሉኝ ተቀምጠው እንኳ ሳያበቁ፤ «ከዚህ በፊት የወሰድኩበት ቤት ‹ግማሹ ዲስክ ባዶ ነው፣ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ይጫን› አለኝ። የዕድሩ መዝገብ ያለው ግን እዚያ ውስጥ ነው።»

«ጋሼ፣ ደብተሩ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የድሮው አለ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ግን ከዚህ በቀር የትም አልተጻፉም።»

የዕድር መዝገብ ምን እንደሆነ ለማኅበራችን አባላት ማስረዳት አያሻም። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንዳጓደለ፣ ማን በቅጣት ላይ እንዳለ የሚታወቀው ከዚያ ነው፤ ሐዘን በደረሰ ዕለት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብም የሚወሰነው በዚያ ነው። የሁለት ዓመት መዝገብ ቢጠፋ ጎረቤት ከጎረቤት የሚካሰስበት፣ እኒህ ሽማግሌም ባልበሉት ገንዘብ የሚታሙበት ጉዳይ ነበር።

ኮምፒዩተሩ ሁለት ሥርዓተ ክወና ጎን ለጎን የተጫነበት ነበር። በመጀመሪያው የዲስክ ክፍል ዊንዶውስ ኤክስ ፒ፣ በተከታዩ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ነበረበት። ይህ በዚያን ዘመን ለምን እንደተደረገ ትንሽ ማብራራት ይገባል። ኤክስ ፒ ከነተፈጥሮው የግዕዝ ፊደል ይዞ አልመጣም፤ ስለዚህ የዕድሩ ደብዳቤዎችና ማስታወቂያዎች ሁሉ በአገራችን ገበያ በተለመዱት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ተጽፈው ነበር። እነዚህ ፕሮግራሞች በጊዜው እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የፊደል ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው ያለዚያው ቅርጸ ፊደል ሲከፈት የማይነበብ ሆሄ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ላይ ቢመዘገብም፣ ዊንዶውስ ከነፊደሉ የመጣው ኒያላ የተባለው ቅርጸ ፊደል በ2007 ከቪስታ ጋር በቀረበ ጊዜ ነው። እንግዲህ ኤክስ ፒን መጣል ማለት የቀድሞውን ጽሑፍ መጣል ነበር። በሌላ በኩል ኤክስ ፒ በፍላሽ ዲስክ በሚዛመት ቫይረስ ዕለት ዕለት ይታመም ነበር። የጸሐፊው የእኅት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው፣ የኡቡንቱ አዘጋጆች እስከ 2011 ድረስ በፖስታ ያለ ክፍያ ይልኩት ከነበረው ሲዲ አንዱን አግኝቶ የሒሳቡን መዝገብ ወደዚያ አዛወረላቸው። አሳቡ መልካም ነበር። ጕድለቱ፣ ልጁ ወደ ትምህርቱ ሲመለስ የተሠራውን የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አለመኖሩ ነው።

ከዚያም ኤክስ ፒው ተበላሸ፤ ወደ አንድ የጥገና ቤት ተወሰደ፤ ኤክስ ፒው እንደገና ተጫነ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ግን ቀድሞ «የትኛውን ልክፈት?» ብሎ የሚጠይቀው የምርጫ ሰሌዳ ጠፋ።

የመጀመሪያውን ፕሮግራም ማን ይጭነዋል?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አንድ አሮጌ ጥያቄ ማንሣት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ያለ ፕሮግራም አንዳች ሊሠራ አይችልም፤ ፕሮግራምን ከዲስክ አንሥቶ ወደ ማስታወሻው መጫን ደግሞ ራሱ ፕሮግራም ይጠይቃል። ታዲያ የመጀመሪያውን የሚጭነው ማነው? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን እንቆቅልሽ በቡት ጫማው ማንጠልጠያ ይዞ ራሱን ከመሬት ሊያነሣ በሚታገል ሰው መስለው «ቡትስትራፕ» አሉት፤ ቃሉም ውሎ አድሮ ዐጥሮ «ቡት» ሆነ። እኔ በዚህ ጽሑፍ «አስነሺ ፕሮግራም» ብየዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መልሱ የሰው እጅ ነበር። አይ ቢ ኤም በ1952 ያስተዋወቀው 701 የተባለው ማሽን «ጫን» የሚል ቍልፍ ነበረው፤ ቍልፉ ሲነካ ማሽኑ ከካርድ ወይም ከቴፕ የመጀመሪያዎቹን ትእዛዛት ብቻ ያነብባል፤ እነሱም የቀሩትን ይጠራሉ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በወጣው አልቴይር 8800 በተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ባለቤቱ በፊት ለፊቱ ያሉትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ እያደረገ አስነሺውን በእጁ ያስገባ ነበር። በዚሁ በ1975 ፖል አለን ከቢል ጌትስ ጋር የጻፉትን የቤዚክ ፕሮግራም ለአልቴይር ሠሪዎች ለማሳየት ወደ አልበከርኪ ሲበር፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲያዘቀዝቅ ፕሮግራሙን ወደ ማሽኑ የሚያስገባ አስነሺ አለመጻፋቸው ትዝ አለው። እዚያው ከመቀመጫው ላይ በወረቀት ጻፈው፤ ሠራለትም። ዛሬ በዓለም ላይ ከገነኑት ድርጅቶች አንዱ የሆነው ማይክሮሶፍት ገና ከመወለዱ በፊት በአስነሺ ፕሮግራም ምክንያት ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር ማለት ነው። ይህን ታሪክ ለጀማሪ ቴክኒሺያኖች ማውራት ደስ ይለኛል፤ የረሱት ነገር ሲያሳፍራቸው ያጽናናቸዋልና።

የግል ኮምፒዩተር የምንለው የአይ ቢ ኤም ማሽን በነሐሴ 1981 ሲወጣ፣ የመጀመሪያው እርምጃ ባዮስ ለተባለውና በማይጠፋ ቺፕ ላይ ለተቀረጸው ፕሮግራም ተሰጠ። በመጋቢት 1983 ደግሞ ኤክስ ቲ የተባለው ሞዴል 10 ሜጋባይት ከሚይዝ ዲስክ ጋር፣ ከዶስ 2.0 ጋር ቀረበ። ለአርባ ዓመታት ያህል ያኖረንና ያስቸገረን ሥርዓት የተተከለው በዚያ ጊዜ ነው። ባዮሱ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነብባል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይቶች የታወቀውን ምልክት መያዛቸውን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ሥልጣኑን ለዚያች ቍራጭ አስረክቦ ይወጣል። ከ512ቱ ውስጥ 446ቱ ለአስነሺው ትእዛዝ፣ 64ቱ ለዲስኩ ክፍፍል ሠንጠረዥ የተመደቡ ናቸው። ለእያንዳንዱ ክፍል 16 ባይት ስለተሰጠ ሠንጠረዡ ከአራት ክፍል በላይ አይቀበልም። ክፍፍሉ ከመነሻው የታሰበው በአንድ ዲስክ ላይ ልዩ ልዩ ሥርዓተ ክወናዎች አብረው እንዲኖሩ ነበር። አብሮ የመኖሩ ነገር በወረቀት ላይ ቀላል መሰለ፤ ነገር ግን አራት ክፍሎች ሲኖሩ በር ጠባቂው አንድ ብቻ ነው። በኋላ የተጫነው ሁሉ የቀደመውን በር ጠባቂ አባርሮ የራሱን ሰው ያስቀምጣል።

በኮልፌው ኮምፒዩተር ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ኤክስ ፒ ሲጫን በ446ቱ ባይት ላይ የራሱን ትእዛዝ ጻፈ፤ ይህ ትእዛዝ የሚያውቀው ነገር ቢኖር «ንቁ» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ክፍል ፈልጎ ማስነሣት ብቻ ነው። የክፍፍሉን ሠንጠረዥ ግን አልነካውም። የኡቡንቱ ክፍል ከነመዝገቡ በቦታው እንዳለ ነበር። ኤክስ ፒ የሊኑክስን የፋይል አደራደር ማንበብ ስለማይችል በዲስክ ማስተዳደሪያው ላይ «ያልታወቀ ክፍል» ብሎ ያሳየዋል፤ ከዚያ አልፎ ባለሙያው ያልታወቀውን «ባዶ» ብሎ ተረጐመው። ከዚህ ስሕተት እስከ ጥፋቱ ድረስ የቀረው አንድ ጊዜ ቍልፍ መጫን ነበር።

ከሊሎ እስከ ግራብ

የሊኑክስ ሰዎች የበር ጠባቂውን ችግር ቀደም ብለው ያውቁት ነበር። ቨርነር አልመስበርገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ሊሎ የተባለው አስነሺ ለብዙ ዓመታት ዋናው መሣሪያ ሆኖ ኖሯል። ሊሎ የሚናገረው በጣም ቍጥብ በሆነ ቋንቋ ነው። ሥራውን አንድ ደረጃ በፈጸመ ቍጥር ከስሙ አንድ አንድ የላቲን ፊደል በጥቍሩ ገጽ ላይ ያወጣል፤ አራቱም ፊደላት ከወጡ ሁሉ ደኅና ነው። በሁለት ፊደል ላይ ከቆመ ሁለተኛው ክፍሉ ተጭኗል ነገር ግን ሊሠራ አልቻለም ማለት ነው። ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ ቴክኒሺያኑ ፊደላቱን ይቈጥር ነበር። የሊሎ ድካም ፋይልን በስሙ ሳይሆን በዲስኩ ላይ በሚገኝበት ቦታ ቍጥር የሚያስታውስ መሆኑ ነው፤ ስለሆነም የሊኑክሱ እምብርት በታደሰ ቍጥር ሊሎንም እንደገና መጻፍ ግድ ነበር። ይህን የረሳ ሰው በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ አይነሣለትም። በዚያም ላይ የጥንቱ ባዮስ ከ1024 ሲሊንደር በላይ ማየት ስለማይችል፣ ከዚያ ወሰን ማዶ የተቀመጠ ሥርዓተ ክወና በምንም ዘዴ የማይነሣበት ጊዜ ነበር።

ኤሪክ ቦሊን በ1995 የጀመረው፣ ከ1999 ወዲህ በግኑ ፕሮጀክት ሥር የዋለው ግራብ ይህን ለወጠ። ግራብ የፋይል አደራደርን ራሱ ማንበብ ይችላል፤ ፋይሉ ቦታ ቢለውጥም በስሙ ፈልጎ ያገኘዋል። ሲሳነውም ዝም አይልም። በቀድሞው ግራብ ስሕተት 15 «ፋይሉ አልተገኘም»፣ ስሕተት 17 «የተመረጠውን ክፍል መክፈት አልተቻለም»፣ ስሕተት 22 «እንዲህ ያለ ክፍል የለም» ማለት ነው። ኡቡንቱ ከጥቅምት 2009 ጀምሮ የተቀበለው ሁለተኛው ግራብ ደግሞ ቍጥሩን ትቶ በቃላት ይናገራል፤ መንገዱ ሲጠፋበትም «ማዳኛ» የሚል ምልክት አውጥቶ የሰውን ትእዛዝ ይጠብቃል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ መልእክቶች በአማርኛ አይመጡም። ምክንያቱም በባዮስ ዘመን ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ በጽሑፍ ገጹ ላይ የሚታዩት ከማሳያ ካርዱ ቺፕ የሚወጡ 256 ቅርጾች ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ውስጥ ግዕዝ የለም። በዶስ ዘመን አማርኛ ለመጻፍ የተዘጋጁት ፕሮግራሞች፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የተሠራው አገፋሪ ሳይቀር፣ ፊደላችንን የሚያሳዩት ማሽኑ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ ነው። ስለዚህ የዕድር ጸሐፊው ኮምፒዩተር ሲታመም የሚያሰማው የመጀመሪያ ድምፅ ባለቤቱ በማያነብበው ቋንቋ ነው። «ባዶ ነው» ሲሏቸው መልስ ያጡትም ስለዚህ ይመስለኛል።

የ18 ማዞሪያው ምሽት

ወደ ሱቄ ልመለስ። የመጀመሪያው ተግባር ጥገና አይደለም፤ ቅጂ መውሰድ ነው። ኮምፒዩተሩን ከዚያው ከተማሪው ሲዲ አስነሣሁት፤ ኡቡንቱ ሳይጫን ከሲዲው ላይ መሥራት ይችላልና። የራሴን ሁለተኛ ዲስክ አያያዝኩ፤ አምስተኛውን ክፍል ከፈትኩ። (ቍጥሩ አምስት የሆነው በአራቱ ቦታ የማይበቁ ክፍሎች በ«ተቀጥላ» ክፍል ውስጥ ስለሚገቡና ቈጠራቸው ሁልጊዜ ከአምስት ስለሚጀምር ነው።) የዕድሩ ፋይሎች በስም በስማቸው ተደርድረው ታዩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉና የመጀመሪያውን ገጽ አስከፍተውኝ ስሞቹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ምንም አልተናገሩም።

ቅጂው ካለቀ በኋላ አስነሺውን መመለስ ቀላል ሥራ መሆን ነበረበት። ግራብን በዲስኩ መጀመሪያ ላይ እንደገና የሚጽፈውን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ «ያለ ስሕተት ተፈጸመ» አለኝ። ዲስኬን ነቀልኩ፤ ሲዲውን አወጣሁ፤ ኮምፒዩተሩን አስነሣሁ። ኤክስ ፒ ቀጥ ብሎ ተከፈተ። የምርጫ ሰሌዳ የለም። ደገምኩት፤ ያው ነው። ጋሼ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ፣ ከዚህ ቀደም የሄዱበትን ቤት ባለሙያ የተቸሁበት አፌ ደረቀ።

አንድ ሰዓት ያህል ከባከንኩ በኋላ ጥፋቱን አገኘሁት፤ ጥፋቱም የእኔው ነበር። ሊኑክስ ለዲስኮች በፊደል ተራ ስም ይሰጣል። ሁለተኛውን ዲስክ ባያያዝኩ ጊዜ የመጀመሪያውን ስም የወሰደው የእኔ ዲስክ ነበረ፤ የዕድሩ ወደ ሁለተኛነት ወርዶ ነበር። እኔ ግን በልማድ በመጀመሪያው ስም ላይ ጻፍኩ። ግራቡ የሠፈረው በቅጂ መያዣው ላይ ነበር ማለት ነው፤ እሱንም በእጄ ነቅዬ ከመደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ደግነቱ አስነሺው የሚጻፈው በ446ቱ ባይትና ከዚያ ቀጥሎ እስከ 63ኛው ሴክተር ባለው፣ ያኔ በተለምዶ ክፍት በሚተወው ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ ከቅጂው አንዲት ፊደል አልተነካችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከመጻፌ በፊት የዲስኩን መጠንና የፋብሪካ ስም አይቼ ነው። በሁለተኛው ሙከራ የምርጫ ሰሌዳው ወጣ፤ ኡቡንቱም ኤክስ ፒም ተነሡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ጸሐፊው ተመልሰው መጡ። ኮምፒዩተሩ ደኅና ነው፤ ሰዓቱ ግን ሦስት ሰዓት ይዛነፋል። ይህም የታወቀ ነው፤ ኤክስ ፒ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት የአካባቢው ሰዓት አድርጎ ሲቈጥር፣ ሊኑክስ ደግሞ የግሪንዊች ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል፤ እኛም ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ለኡቡንቱው ሰዓቱ የአገር ቤት መሆኑን ነገርኩትና ታረቁ። ጋሼ ሳቅ ብለው «እኛስ ከፈረንጅ በስድስት ሰዓት ተዛንፈን ስንኖር ማን አስተካከለን?» አሉኝ።

አዲሱ በርና አዲሱ ቍልፍ

የባዮስ ዘመን አሁን አልፏል ማለት ይቻላል። ኢንቴል ለኢታኒየም ማሽኖች የጀመረው ሥራ በ2005 ወደ ጋራ ማኅበር ተዛውሮ ዩ ኢ ኤፍ አይ ተባለ። በአዲሱ ሥርዓት አስነሺው በ446 ባይት አይጨነቅም፤ በዲስኩ ላይ ለዚሁ በተመደበ ትንሽ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ሥርዓተ ክወና የራሱን አቃፊ ይይዛል፤ ማሽኑም የሁሉንም ስም ዝርዝር ያውቃል። የበር ጠባቂዎቹ ጠብ በአመዛኙ በረደ። ዛሬ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት አንዱን ሥርዓት በአዲሱ፣ ሌላውን በአሮጌው መንገድ መጫን ነው፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ በምርጫ ሰሌዳ ላይ አይተያዩም፤ ባለሙያውም ግራቡን አሥር ጊዜ ቢጽፈው አይረዳውም። በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ይህ ዊንዶውስ የተነሣው በየትኛው መንገድ ነው?» የሚለው ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የመጣው ፈጣን አነሣሥም የራሱ ጣጣ አለው፤ ኮምፒዩተሩ የተዘጋ ቢመስልም ዊንዶውሱ አሸልቦ ክፍሉን እንደያዘ ስለሚቆይ፣ ሊኑክሱ ያንን ክፍል ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይከፍተውም።

ከባድ የሆነው ግን በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር የተስፋፋው አስነሺን በፊርማ የማረጋገጥ ደንብ ነው። ማሽኑ የታወቀ ፊርማ የሌለውን አስነሺ አይቀበልም። የሊኑክስ ሰዎች ሺም የተባለ፣ በማይክሮሶፍት የተፈረመ ትንሽ አስተዋዋቂ በግራብ ፊት በማስቀመጥ ደንቡን አለፉት። በሐምሌ 2020 ቡትሆል የተባለው የግራብ ቀዳዳ ሲገለጥ ደግሞ የቈዩ አስነሺዎችን የሚሽርበት ዘዴ አስፈለገ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ያወጣው ማደሻ የቈዩትን ግራቦች ሲሽር፣ ሁለት ሥርዓት ያላቸውን ማሽኖች ያልፋል ተብሎ ሳለ ብዙዎቹን ሳይለይ ነካ። ሊኑክሱን ሊከፍት የሞከረ ሰው «አንድ ነገር እጅግ ተበላሽቷል» የሚል መልእክት አይቶ ኮምፒዩተሩ ይጠፋበት ጀመር። መድኃኒቱ የፊርማውን ማረጋገጫ ለጊዜው ማጥፋት፣ ሊኑክሱን አስነሥቶ የተጻፈውን የሽረት ደንብ ማስወገድ፣ ሺምና ግራቡን ማደስ፣ ከዚያ ማረጋገጫውን መመለስ ነበር። በዲስኩ ላይ የጠፋ አንዳች አልነበረም።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 በማብቃቱና ብዙ ደኅና ማሽኖች የዊንዶውስ 11ን መመዘኛ ስለማያሟሉ፣ ሊኑክስን ከጎን መጫን የሚፈልጉ ሰዎች እንደገና ወደየጥገና ቤቱ ይመጣሉ። እነዚህ ማሽኖች ግን ከዕድሩ ኮምፒዩተር በአንድ ነገር ይለያሉ። ዲስካቸው ብዙ ጊዜ ቢትሎከር በተባለው ዘዴ የተመሰጠረ ነው፤ አስነሺው ሲነካ ወይም ማረጋገጫው ሲጠፋ ዊንዶውሱ 48 አሃዝ ያለውን የማዳኛ ቍልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ባለቤቱ ቍልፉን ከሌለው፣ በ2004 ዓ.ም. እኔ እንዳደረግሁት ሲዲ አስገብቶ ፋይሉን ማንበብ አይቻልም፤ መዝገቡ በቦታው እያለ የጠፋ ያህል ነው። ስለዚህ አሁን ኮምፒዩተር ሲመጣልኝ ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት ቍልፉ የት እንደተጻፈ እጠይቃለሁ፤ አላውቅም ያለኝን ሰው ዊንዶውሱ ገና የሚነሣ ከሆነ እዚያው አስከፍቼ ቍልፉን በወረቀት ሳያስጽፍ ሥራውን አልጀምርለትም።